በስሜ የተደገሰው ዝክር

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15። ከሰዓት በኋላ።

ቴርሞሜትሮቹን በበረዶ ውሃ ፈተንኩ። አንደኛው ሁለት ዲግሪ ይሳሳታል። ወደ ቆሻሻ። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ አዘኑለት፤ አዲስ ይመስላል አሉ። አዲስ መምሰሉ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር፣ ያው የሕንፃው ምድር ቤት፣ ያው የሚንኳኳ ማሞቂያ። ተማሪዎቼ ሳይጎድሉ መጡ። አብዛኞቹ የሚካኤል ማኅበራችን ሴቶች ናቸው። ግማሾቹ ምግብ ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፣ ሌሎቹ የራሳቸውን ካተሪንግ ሊጀምሩ ያስባሉ። ሕጉ ኩሽና ውስጥ የምግብ ደኅንነት ሰርተፊኬት ያለው ሰው ቆሞ እንዲቆጣጠር ያዛል። በእንግሊዝኛ ተፈትነው ሲወድቁ ነው ወደ እኔ የመጡት። በአማርኛ ሲሆን ቀልድ መስሏቸው ነበር። አይቀለድም። ያረፈደ ውጭ ይቆያል። ቀለበት ይወልቃል። ጥፍር ይታያል።

ዛሬ ጥሬው ከበሰለው ጋር እንዳይነካካ የሚለውን ክፍል ጨረስኩ። መጽሐፉ ቀይ መክተፊያ፣ አረንጓዴ መክተፊያ እያለ ገጽ ይፈጃል። ዘጋሁት። በጾም ቀን በፍስክ ቢላ ሽንኩርት ትከትፋላችሁ ወይ? አልኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። እንዴት ተደርጎ! እንግዲያው ይህን ትምህርት እናታችሁ ቤት ጨርሳችሁታል፤ ዶሮ የነካ ቢላ ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ነው፣ ሰላጣ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል አልኳቸው። ሳቁ። ጻፉም። በዚህ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው የለም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው፣ ደብተሬ።

ከዚያ ማቀዝቀዝ። ትልቅ ድስት ወጥ በራሱ አይቀዘቅዝም። ዳር ዳሩ ሲበርድ መሐሉ ለብ እንዳለ ያድራል፤ ባክቴሪያው እዚያ ይራባል። ስለዚህ በዝርግ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት። ሰዓቱ ያለፈበት ይደፋል። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አወጡ። የተባረከስ? ቄስ ጸሎት ያደረሱበት ጠበል ጠዲቅ እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ይደፋል?

ባክቴሪያ ጸሎት አይሰማም አልኩ። ማንም አልሳቀም። የማይደፋ ከሆነ ከመባረኩ በፊት በልኩ ይቀነስ፣ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ ብዬ አስተካከልኩት። እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መጻፋቸውን አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18።

ሬክስዴል፣ ፋብሪካ። ሾርባ እየሞላን ነው። አንዱ ዙር ሙቀቱ አልደረሰም፤ መስመሩን አስቆምኩ። የመስመሩ አለቃ ፊቱን ጣለብኝ። ይጣል። የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩት ለመወደድ አይደለም።

በምሳ ሰዓት ጋሻው ኮል አደረገ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን፣ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ሰላምታው ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል። የኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ ዓርብ ስለሚውል ዝክሩ ወደ እሑድ ተዛውሯል። ኤግሊንተን ዌስት አዳራሽ ይዟል። ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ እሑድ ቅበላም ነው ማለት ነው፣ ሥጋው በሽ በሽ ይሆናል። የአዳራሹ ባለቤት ሰርተፊኬት ያለው ሰው ኩሽናውን ካልተቆጣጠረ አላከራይም ብሏል። አንተ ቁምልን አለኝ።

ቅዳሜ ማታም እሑድም ፈረቃ አለኝ፣ አልችልም አልኩት። ለአንድ ቀን ባለሙያ ቅጠሩ፣ የማውቃት ሴት አለች፣ ስልኳን እልክልሃለሁ። ላክሁለት። ወጡን በዝርግ ዕቃ ከፋፍሉ አልኩት። ፍሪጁን ለወጡ ብቻ ልቀቁ አልኩት። ደግሜ ነገርኩት። የሰማ መሰለኝ።

«ችግር የለም ዶክተር» አለኝ።

ዶክተር አይደለሁም። ያለኝ የምግብ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ እሱም ያውቃል። ማዕረግ የሚጨምርልኝ ሲያቃልለኝ ነው።

ግን ጋሻው ነው። ሚዜዬ። እዚህ አገር በአንድ ክረምት ገብተን፣ አንድ ምድር ቤት ተከራይተን፣ አንዱን ወፍራም ካፖርት በየተራ ለብሰን ሥራ የፈለግን ሰዎች ነን። ሌላ ሰው ዶክተር ቢለኝ ስልኩን እዘጋበት ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23። አመሻሽ።

ከፈረቃ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሰናይት ከዝክሩ ቀድማኝ ገብታለች። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ዳቦ። ፊቷ ፈክቷል። ሰው አዳራሹን ሞልቶት እንደነበር፣ ቄሱ ሲባርኩ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጸጥ እንዳሉ፣ ጋሻው ሲያስተናግድ ላቡ በጀርባው እንደወረደ ትነግረኛለች። ወጥ ተርፏል። ነገ ጾም ስለሆነ ለየሰዉ በዕቃ ተከፋፍሎ ተሰጠ።

ቴርሞሜትሬን ሰካሁበት። ለብ ያለ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ እንደነበር ነገረችኝ። ዕቃውን አንስቼ ወደ ቆሻሻው ሳመራ እጄን ያዘችኝ።

«የተባረከ ነው ዳኒ። ዛሬ አይጣል፣ ነገ አይበላ። የት ይግባ ታዲያ?»

ከመብሰሉ በፊት ነበር መልስ የነበረው። ቆማ በላችው። ፊት ለፊቴ፣ በእልህ፣ ጣቷን እየላሰች። ሥጋ የመጨረሻሽ ቀን ነው ብዬ ልቀልድ አስቤ ነበር፤ አስጠላኝ። እንቁላል ጠብሼ በላሁ። ቅበላዬ ይኸው።

ኩሽናውን ማን ተቆጣጠረ ብዬ ጠየቅኳት። ጋሻው ሰው አግኝቷል አለች። እኔ የላክሁለትን ሴት ቀጥሮ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደነበር አሁን ስጽፍ ትዝ አለኝ። ምናልባት ምንም አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25።

ሰናይት ትናንት ጠዋት ታመመች። ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ሥራ አልሄደችም፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ሆዷ እስኪድን አይቀበሏትም። ስልኩ አያርፍም። እገሊትም እንዲሁ፣ የእገሌ ልጆችም እንዲሁ። አንድ የማኅበሩ ሽማግሌ ከሰውነታቸው ውሃ አልቆ ሆስፒታል ገብተው ዛሬ ወጥተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ወጥተዋል።

አጥሚት እያጠጣሁ አናገርኳት። በጥቂት በጥቂቱ ወጣ። ወጡ የተሠራው ቅዳሜ ነው። ፍሪጁን ለስላሳና ቢራ ሞልቶታል። ጋሻው ነው ያስሞላው፤ ሙቅ ለስላሳ ለእንግዳ አይቀርብም ብሎ። ድስቶቹ እንዳሉ፣ ክዳናቸው ተገጥሞ፣ የጓሮ ደረጃ ላይ አደሩ። የቶሮንቶ ብርድ ራሱ ፍሪጅ ነው ተባለ። ሁሉም ተስማማ።

ተማሪዎቼም ነበሩ? ነበሩ። እትዬ ጥሩወርቅም? ድስቱን በአንድ በኩል ይዘው ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ዝርግ ዕቃ የሚል ሰው አልነበረም? አንዷ ጀምራ ነበር አለች ሰናይት፤ ጋሻው ሙሽራ እያለ አሾፈባትና ተወችው።

በብርድ ውስጥ የተዘጋ ትልቅ ድስት ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሰው ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳይቻቸዋለሁ። ሥዬ።

ጮህኩ። ለታመመ ሰው መጮህ ነውር ነው። አጥሚቱን ደግሜ አሞቅኩላት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26።



ሥራ ላይ እያለሁ ተደወለልኝ። የጤና መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር ናት። ትሑት ድምፅ። ስለ እሑዱ ድግስ ልትጠይቀኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አልነበርኩም፣ ባለቤቴ ግን ነበረች፣ ታማለች፣ የበላችውን እነግርሻለሁ አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የአዳራሹ ባለቤት የሰጣት ስም የእኔ መሆኑን ነገረችኝ። ኩሽናውን የተቆጣጠረው ባለ ሰርተፊኬት እኔ ነኝ። የሰርተፊኬቴ ፎቶ እጇ ላይ አለ። ቁጥሩን አነበበችልኝ። የእኔ ቁጥር ነው።

የሾርባው መስመር ከኋላዬ ይንጫጫል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

የሚመጣው ግልጽ ነው። ኩሽናውን ትቶ የሄደ ተቆጣጣሪ ተብዬ ከተጻፈ የአስተማሪነት ፈቃዴ ይወሰዳል። ፋብሪካውም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንዳሳውቅ አስፈርሞኛል፤ በጥራት ቁጥጥር ላይ ያለ ሰው ይህ ተጽፎበት አይቆይም። በዚህ አገር ዲግሪዬን ማንም አልቆጠረልኝም። ሳህን አጥቤ፣ ሥጋ ቤት መሬት ጠርጌ፣ እንደገና ከዜሮ ተምሬ ያገኘሁት ያቺን ወረቀት ነው። በስሜ ያለኝ ነገር እሷ ብቻ ናት።

ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ጋሻው ስልክ አያነሳም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27።

ጋሻውን አገኘሁት። ሬክስዴል፣ ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ዶናት ቤት። መካድ እንኳን አልፈለገም። ከካደ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም እጄ ላይ ቀረ።

ቡናዬን ከፈለልኝ። አልጠጣሁትም።

ስልኳን ለላክሁለት ሴት አልደወለላትም። እንግዳ ሰው የሀበሻ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ምን ሊያይ አለኝ። ባለቤቱ ወረቀት ጠየቀ፣ ወረቀት ሰጠሁት፤ ማንም ያያታል ብዬ አላሰብኩም አለኝ። ይህን ሲል ትከሻውን ሰበቀ። ትከሻ የሚሰበቅበት ነገር ነው?

ሰው ታሟል አልኩት። ድኗል አለኝ። ስሜን ሰጥተሃል አልኩት።

«ስምህን ነው የተዋስኩህ እንጂ ኩላሊትህን አይደለም።»

የሚፈልገው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ስሄድ ጠዋት ነበርኩ፣ አሞኝ ወደ ቤቴ ገባሁ እንድል። ያኔ ነገሩ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ማንም አልነበረም ከተባለ ግን ያጭበረበረው እሱ ነው፣ ማኅበሩም በዚህ ከተማ ሁለተኛ አዳራሽ አያገኝም። እንግሊዝኛህ ይሰማል፣ አነጋገር ታውቅበታለህ፣ ለአንተ ቀላል ነው አለኝ። ስለ ፈቃዴ፣ ስለ ሥራዬ ነገርኩት። አንተ ደግሞ ነገር ታጋንናለህ አለኝ።

ሰርተፊኬቱ የተሰቀለው ቤቴ ኮሪደር ውስጥ ነው። ጋሻው ከበጋ ወዲህ ቤቴ አልገባም። ፎቶውን ማን ሰጠህ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ።

«ሰናይትን ጠይቃት» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ሞተሩን አላስነሳሁም። መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለበሰ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28።

ጠየቅኳት። እሷም አልካደችም። በዚህ ሳምንት የሚክደኝ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ፊት ለፊት ነው።

ከዝክሩ በፊት ጋሻው ደወለላት። ዳንኤል ሥራ ስለሆነ ስሙን ብቻ እንጠቀም፣ ለወጉ ነው አላት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፎቶ አንስታ ላከችለት። እኔ ተኝቼ ነበር። እንዳልነቃ መብራቱን እንኳን አላበራችም፤ ፎቶው ጨለም ብሎበት እንደገና ማንሳት ነበረባት። ይህን ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም። ጥንቃቄዋን እንዳደንቅላት ይመስላል።

«ለሚካኤል ነው ብዬ ነው። ደግሞስ ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?»

«አልልሽም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ደብተሬ፣ ይህን ንግግር ባለፈው ሳምንት ቢያሳዩኝ ያሳቀኝ ነበር። እንቢ እንደምል ስለምታውቅ አልጠየቀችኝም። እንቢታዬን ከማንም በላይ የምታውቀው ሰው ናት፤ ያወቀችውን ዕውቀት የተጠቀመችው በዚህ ነው።

እሑድ ማታ ማን ተቆጣጠረ ብዬ ስጠይቃትም ታውቅ ነበር። ወጡን ሲያወጡ እዚያው ነበረች። ድስቱ ደጅ ሲያድር ስሜ ኩሽናው ውስጥ ቆሟል። እሷ ታየዋለች።

ቁርጠቷ ለቋታል። ከስታለች። በዚህም አዘንኩ፤ በማዘኔም ተናደድኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30።

ሽማግሌ ተላከብኝ። በእኔ ላይ! በዳዩ ሽማግሌ ሲልክ የሚጠይቀው ይቅርታ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ናቸው። ሆስፒታል የነበሩት ሽማግሌ፣ አንድ የማኅበሩ አባል፣ እትዬ ጥሩወርቅ። ለሽማግሌው ከሁሉ የተሻለውን ወንበር ሰጠሁ። ሰናይት ሻይ አቀረበች፣ የጾም ኩኪስ ጨመረች፣ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ሽማግሌው ስለ ወንድማማችነት፣ አንድ ጽዋ ስለጠጣን ሰዎች፣ ስለ ዲያብሎስ ሥራ ተናገሩ። ድምፃቸው ገና አልጠነከረም። እርስዎን ያሳመመው ድስት ዲያብሎስ ደጅ ያሳደረው አይደለም፣ ጋሻው ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የታመሙት እሳቸው ናቸው። ይቅር ካሉም ይቅር ማለት የሚችሉት በራሳቸው ሆድ ነው፣ በእኔ ስም አይደለም።

አባሉ ማኅበሩ እንዳይበተን አለ። ማኅበሩን የምበትነው እኔ ሆንኩ።

ሁሉንም ቻልኩ። ያልቻልኩት እትዬ ጥሩወርቅን ነው። ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛ ወድቀው፣ ዕድሜዬ አለፈ ብለው ሊተዉት ሲሉ በስልክ ለምኜ የመለስኳቸው ሰው ናቸው። ፈተናው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። አየኋቸው፤ የሚናገሩ መሰለኝ። ድስቱን በአንድ በኩል ይዤ ነበር፣ አንተ አልነበርክም፣ እመሰክርልሃለሁ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«አንተ የተማርክ ነህ ልጄ፤ አንተን ምን ያደርጉሃል?» አሉኝ። «እኛን ነው የሚያጠፉን። ሰርተፊኬቴን ሳልይዘው ይወስዱብኛል።»

እትዬ፣ የተማርኩት ምን ነበር? ያስተማርኩዎትስ ምን ነበር? አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሻያቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን አየሁ፤ ቀለበታቸውን አውልቀዋል፣ ጥፍራቸው አጭር ነው፣ ልክ እንዳስተማርኩት። ሁሉንም ተምረውልኛል፤ አንዱን ነገር ብቻ፣ ሁሉም በተስማማበት ላይ እንቢ ማለትን፣ እኔ ራሴ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ አላስተማርኩትም።

እሺም እንቢም አላልኩም። አስባለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ እትዬን ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ምን ላድርግ፣ በረዶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2።

ጠዋት ሰናይት ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ሳልጠይቃት። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ ጋሻውን በለው፣ የአዳራሹን ባለቤት በለው፣ እኔን ግን አታንሳኝ። መጦሪያው ስለ ማንኛውም የጤና ምርመራ ይጠይቃል፣ ፈራሁ አለች። ኮቴን ለበስኩ።

ኢንስፔክተሯ ወጣት ናት፣ የልጄ ዕድሜ ብትሆን ነው፣ ልጅ ቢኖረኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ጠየቀች፣ መለስኩ። እሑድ የት ነበርክ? ፋብሪካ፤ የፈረቃ አለቃዬን ጠይቂ። ስምህ እንዲሰጥ ፈቅደሃል? አልፈቀድኩም። ማክሰኞ ስትጠየቅ ምን አልክ? አልችልም ብዬ ሌላ ባለሙያ ጠቆምኩ፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። ማቀዝቀዙ እንዴት እንደነበር የነገረህ አለ? አለ፤ ፍሪጁን፣ ድስቱን፣ ደረጃውን አስረዳኋት። እያስረዳሁ ሳለ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ ሰሌዳ ፈለግኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ፎቶው ከቤትህ ከሆነ ማን ላከው?

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። አጭር ቃል ነው። ክፍል ውስጥ ዘወትር የምለው ነገር አለ፦ ሙቀቱን ሳትለኩ የምትጽፉት ቁጥር ከባዶ ቦታ ይብሳል። ይህን አሰብኩ ብዬ ለአንተ ብጽፍ ጥሩ ነበር። ግን እውነቱ ይህ አይደለም። ያሰብኩት ጨለማ ውስጥ፣ መብራት ሳታበራ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስታነሳ ነው።

ባለቤቴ አልኩ። ስሟን ነገርኳት። ፊደሉን አንድ በአንድ።

እኔን በሚመለከት ጉዳዩ ተዘግቷል አለችኝ። ማስተማሬን እቀጥላለሁ። ጋሻውና የአዳራሹ ባለቤት ይጠራሉ። ሰናይት ላይ የሚደርስ ነገር የለም፤ እሷ ተቆጣጣሪ አልነበረችም፣ ምስክርነት ብቻ ይፈለግባት ይሆናል። አመሰገንኩ። ሊፍቱ ውስጥ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቤት። ሰናይት ምስር እየለቀመች ነው።

«ስሜን ጠራህ?»

«ተጠየቅኩ።»

«ጠራህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ጠራሁ።»

ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። አንዲት ጠጠር አገኘች፣ በጣቷ ይዛ አየቻት፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። ምንም አይደርስብሽም፣ ጠይቄያለሁ አልኳት። አልሰማችኝም ወይም ሰምታለች።

ማታ ከማኅበሩ የስልክ ግሩፕ መውጣቴን አየሁ። አልወጣሁም፤ አወጡኝ። ያወጣኝ ጋሻው ነው። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ወዳጅነት አንድ ጣት በቃው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ጨው አቀብይኝ እንኳን የለም፤ ተነስቼ አነሳለሁ። የሷ ወገን ከኮሪደሩ ወዲህ፣ የእኔ ወዲያ።

ሰርተፊኬቱን ከግድግዳው ላወርደው አስቤ ነበር። አላወረድኩትም። ምን አጠፋ?

ትክክል ነኝ። ይህን ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ ትክክል መሆን እንዲህ ሲሆን አላውቅም ነበር። ጋሻው ስሜን ወሰደ፣ ሰናይት ሰጠች፣ እትዬ ጥሩወርቅ እንድተወው ለመኑኝ። ሦስቱም ይወዱኛል። ሦስቱም ምን እንደምል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ማንም አስቀድሞ አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5።

የነገውን ፈተና ተመዝጋቢዎች አየሁ። ከማኅበሩ ሴቶች ሦስቱ ቀርተዋል፤ ጋሻው አስቀርቷቸዋል ወይም አፍረዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አሉ። ይምጡ፤ ያወቁትን ይጻፉ።

ከታች፣ ትናንት የተመዘገበ ስም። ሰናይት። የእኔ ሰናይት። ትምህርቱን ሳይወስዱ ፈተናውን ብቻ መቀመጥ ይፈቀዳል፤ በዚያ በኩል ነው የገባችው።

ኩሽና ገባሁ። መጽሐፌ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በኅዳጉ የጻፍኩት ሁሉ ያለበት። እርሳስ ይዛለች። ቀና አላለችም። ይህ ምንድን ነው አልኳት።

«ከእንግዲህ የሰው አልልክም። የራሴ ይኖረኛል።»

ለማን ብለሽ ነው አልኳት። ማኅበሩ በመጪው ጊዜ ኩሽናውን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልገዋል፣ አንተን አውጥተውሃል አለች። በነገር ነው ወይስ በምር? ፊቷን አነበብኩ፤ አልገባኝም። ድሮ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ፣ ሙቅ ምግብ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚያዘው ብላ ጠየቀችኝ። በሦስት ቀን የመጀመሪያው ጥያቄዋ። ከስልሳ በላይ አልኳት። ጻፈች። የቀዘቀዘው ሲሞቅስ? ሰባ አራት፣ መሐሉ ላይ ተለክቶ። ጻፈች። መሐሉ ላይ የሚለውን አሠመረችበት። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ ሌላም አልነገርኳት።

ባሏ ሊፈትናት አይፈቀድም። ለሌላ ፈታኝ ደውዬ እሷን እንዲፈትንልኝ ተስማምተናል፤ ወረቀቷን እሱ ያርማል፣ እኔ አልነካውም። በሩ ላይ ግን የምቆመው እኔ ነኝ። ማንም ፎቶ ያለበትን መታወቂያ ሳያሳይ አይገባም።

ወስኛለሁ። ነገ አንድ መኪና ውስጥ አብረን እንሄዳለን፣ አውቶቡስ አላሳፍራትም። ስንደርስ ቀድሜ ወርጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ተራዋ ሲደርስ መታወቂያሽን እላታለሁ። እቀበላታለሁ። ፎቶውን አያለሁ፣ ቀና ብዬ ፊቷን አያለሁ፣ ስሙን አነባለሁ።

እንደማንኛውም ሰው።